በማን ገንዘብ፣ በማን እግር? ከፈንጣጣ ዘመቻ እስከ 2017 ዓ.ም.

አያቴ ፊቷ በፈንጣጣ የተጎዳ ነበር። እናቴ ክንዷ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አላት። የእኔ ክንድ ላይ ያለው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው፤ የፈንጣጣው ለእኔ ዕድሜ እኩዮች አላስፈለገም።

ደጎሎ ያለችው እናቴ ስለዚያ ቀን ስትጠየቅ፣ «አንድ ቀጭን ፈረንጅና አንድ ድሬሰር በበቅሎ መጡ። ፈረንጁ ሥዕል ያሳየናል፤ ከሰው የሚጨቃጨቀው ግን ድሬሰሩ ነው» ትላለች። ሳኒታሪያን ሳይሆን አይቀርም።

ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ በአገራችን የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ዘዴው ሁሉን ሰው መከተብ አልነበረም። የታመመ ሕፃን ፎቶ ይዞ ገበያና ትምህርት ቤት መዞር፣ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብሎ መጠየቅ፣ ሕመምተኛው ሲገኝ ደግሞ በዙሪያው ያሉትን መከተብ ነው። ደገኛው ክትባቱን ይሸሽ ስለነበር ሥራው ጉልበትም ምላስም ይጠይቃል።

የአሜሪካ የሰላም ጓድ፣ የጃፓንና የኦስትሪያ በጎ ፈቃደኞች አብረው ዘመቱ፤ ወጪያቸውን መንግሥቶቻቸው ቻሉ። ከጎናቸው የተሰለፉት ግን የእኛው ሳኒታሪያኖች ናቸው። የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ባሌ ውስጥ ተገኘ። በ1969 የሰላም ጓድ አገሩን ለቆ ሲወጣ ሥራው አልቆ ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቤት እናንሳ። የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ሲከፈት ከመንግሥታችን ጋር የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ «ፖይንት ፎር» እጃቸው ነበረበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሕክምና ትምህርት ሲጀመር ደግሞ አጋራችን የምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ምሥራቅ ጀርመን ዛሬ እንደ አገር የለችም። ትምህርት ቤቱ ግን አለ፤ የእንግዶቹን ወንበር የተረከቡ መምህራን ስላፈራ።

ታዲያ ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥር 2017 ላይ አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታን ሲያግድ፣ በኤችአይቪና በቲቢ ሥራ ላይ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። እኔ በምሠራበት ሆስፒታልም ሕሙማንን እየደወሉ፣ እየሄዱ የሚከታተሉት ልጆች ቀሩ። ያኔ አንድ የሚያሳፍር ነገር ገባኝ። የሕመምተኞቼን የቫይረስ መጠን አውቃለሁ፤ ቀጠሮ ሲያልፋቸው የት ሄጄ እንደምፈልጋቸው ግን አላውቅም። ያንን የሚያውቁት ልጆቹ ብቻ ነበሩ። ዓመታት ሙሉ አጠገቤ ሲሠሩ አንድም ቀን አብሬያቸው አልወጣሁም።

ንጽጽሩ ሙሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፈንጣጣ አንዴ ከጠፋ የሚያልቅ ሥራ ነበር፤ ኤችአይቪ ግን የዕድሜ ልክ ክትትል ነው፣ በየወሩ መድኃኒትና ደመወዝ ይፈልጋል። የሰጡንን ማመስገን ይገባል፤ በዚያ ገንዘብ በሕይወት ያሉ ሰዎችን በየሳምንቱ አያለሁ። ዳሩ ግን የሰው አገር ምክር ቤት የሚመድበው በጀት፣ ያው የሰው አገር ምክር ቤት የሚያነሣው በጀት ነው። የሚቀረው በዚያ ጊዜ ውስጥ እኛ የተማርነው ብቻ ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሁላችንም «ቲም ትሬኒንግ» ወጥተን ጭቃ ረግጠናል። ተማሪዎቹ ሲወጡ ቀጠሮ ያለፈውን ሕመምተኛ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤቱ ድረስ ሄዶ መፈለግን ይማሩ፤ ውጤትም ይያዝበት። እኛ ምሩቃን ደግሞ፣ አገር ውስጥም ውጭም ያለን፣ ለመጓጓዣው እናዋጣ። ብዙ ገንዘብ አይደለም።

እኔ ከኅዳር ጀምሮ በወር ሁለት ቅዳሜ እየወጣሁ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «ይሄኔ ነው መማርሽ?» አለችኝ። አዎ፣ እማዬ፤ ዘግይቼ ነው።