ሥዩመ እግዚአብሔር

ሥዩመ እግዚአብሔር ማለት በግእዝ «እግዚአብሔር የሾመው» ማለት ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ስም ጋር የሚጻፍ ማዕረግ ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም ላይ ከ«ሞዐ አንበሳ» ቀጥሎ ይነበባል። 

ሐሳቡ የተመሠረተው በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 2 እና በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 13 ላይ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአራዳ ጊዮርጊስ አቡነ ቄርሎስ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በቅብዐ ቅዱስ ቀቧቸው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 ደግሞ ንጉሡ ስለ ተቀቡ ክብራቸው አይደፈርም፣ ሥልጣናቸውም አይነካም አለ።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን ለሹመት ገደብ አለው፤ ሳኦል ተቀብቶ ነበር፣ ባለመታዘዙም ተጣለ። ይህን ገደብ ከማንም በላይ ያሳዩት ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ሥልጣን ሁሉ ከላይ ነው ብለው ለፋሺስት ኢጣሊያ ቢገዙ ሕይወታቸው በተረፈ ነበር። እሳቸው ወራሪውን አውግዘው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ሮሜ 13ን ለጨቋኝ መከላከያ የሚያደርግ ሰባኪ ይህን ሞት ሊዘነጋ አይገባም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደራዊው ደርግ የተቀቡትን ንጉሥ በትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወሰዳቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 የሉዓላዊነትን ሥልጣን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጥቷል፤ አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል።