የእንግሊዝኛ ተማሪ መዝገበ ቃላት

የተማሪ መዝገበ ቃላት የሚባለው አፉን በእንግሊዝኛ ላልፈታ ሰው የሚዘጋጅ፣ ቃሉን በዚያው በእንግሊዝኛ በቀላል አነጋገር የሚፈታና አገባቡን በምሳሌ ዓረፍተ ነገር የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ለባለ ቋንቋው የሚዘጋጀው መዝገበ ቃላት ብርቅ የሆነውን ቃል ይፈታለታል፤ ይህኛው ግን ተማሪው አውቀዋለሁ በሚለው ተራ ቃል እንኳ እንዴት እንደሚናገርበት ያስተምረዋል።

ቃልን በራሱ ቋንቋ መፍታት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። የጀሮኒሞ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተሙት ታላቅ መዝገበ ቃላታቸው፣ እንደ መረብ የተሠራን ነገር የሚጠራውን «ኔትወርክ» ከላቲን በመጡ እንግዳ ቃላት ፈቱት። መፍቻው ከተፈቺው ከብዶ ቁጭ አለ። መውጫውን ያገኙት በቤንጋል፣ ዳካ ያስተምሩ የነበሩት ማይክል ዌስት ናቸው። በ1935 ከጄምስ ኢንዲኮት ጋር ባወጡት መዝገበ ቃላት ወደ 24,000 የሚጠጉ ቃላትንና አባባሎችን በ1,490 የተመረጡ ቃላት ብቻ ፈቱ። እነዚያን ያወቀ ተማሪ የቀረውን በራሱ ያነባል።

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት መጽሐፍ የተወለደው ግን ጃፓን ነው። ሃሮልድ ፓልመር በ1923 ቶኪዮ ላይ የእንግሊዝኛ ማስተማር ምርምር ተቋም መሠረቱ። በ1924 ለማስተማር ጃፓን የገቡት አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ የፓልመርን ፈለግ ተከትለው ጌተንቢና ዌክፊልድ ከተባሉ ባልደረቦቻቸው ጋር መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። መጽሐፉ በ1942፣ ጃፓንና ብሪታንያ እየተዋጉ ሳለ፣ ቶኪዮ ላይ ታተመ፤ በ1948 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አባዛው። የኦክስፎርድ የላቀ ተማሪ መዝገበ ቃላት ሥሩ ይኸው ነው።

የሆርንቢ ትልቁ ሥራ ግሶችን በ25 የአገባብ ሥርዓት መመደባቸው ነው። ጥቅሙን ለመረዳት «ኤክስፕሌይን» የሚለውን ግስ ማየት ይበቃል። «አስረዳኝ» እያለ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ «ኤክስፕሌይን ሚ» ማለት ይቀናዋል። እንግሊዝኛው ግን የሚብራራውን ነገር ያስቀድምና ሰውየውን በ«ቱ» ያመጣዋል። የቱንም ያህል የጠራ ፍቺ ይህን አይነግረውም፤ «ኤክስፕሌይን ዘ ፕሮብሌም ቱ ሚ» የሚል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ግን ያሳየዋል። የቃላት ጉድኝትም እንዲሁ ነው፤ እኛ «ወፍራም ቡና» የምንለውን እንግሊዞች «ስትሮንግ»፣ ብርቱ፣ ይሉታል።

በ1978 የወጣው የሎንግማን መዝገበ ቃላት መፍቻ ቃላቱን 2,000 ገደማ ላይ ወሰነ። በ1987 ደግሞ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በጆን ሲንክሌር መሪነት የተዘጋጀው ኮቢልድ የተባለ መዝገበ ቃላት ታተመ። ኮቢልድ በኮምፒውተር ከተከማቸ ሰፊ የጽሑፍና የንግግር ክምችት በመነሳት ፍቺውን ራሱን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አደረገው፤ ምሳሌዎቹንም ሰዎች በእርግጥ ከተናገሩትና ከጻፉት ቀዳ። ሲንክሌር የተፈጠረ ምሳሌ ያሳስታል ባይ ነበሩ። ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ከጋዜጣ ተቆርጦ የመጣ ዓረፍተ ነገር ሌላ አምስት የማይታወቁ ቃላት ይዞ ሲመጣ ጀማሪው ግራ ይጋባል። ለእሱ አስተማሪ አስቦ ያሳጠረው ምሳሌ ይሻለዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪዎች 1973 ሁለት ሥራዎች የወጡበት ዓመት ነው። አንዱ አምሳሉ አክሊሉ ከሞዝባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው ቮልፍ ሌስላው ጀርመን አገር ያሳተሙት ሲሆን፣ ከ1,500 ገጽ በላይ ያለውና የእንግሊዝኛውን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ የሚመልስ ነው። ድካሙ የተገባ ነበር። እንግሊዝኛ «ዌር» በሚል አንድ ግስ የሚያልፈውን አማርኛ ይበታትነዋል፤ ልብስ ይለበሳል፣ ጫማ ይጫሙታል፣ ባርኔጣ ይደፋል፣ ቀበቶ ይታጠቁታል፣ መነጽር ይደረጋል።