ዓይኑ የነቃ፣ አንገቱ ያልጸና

ሕፃኑ እናቱን በዓይኑ ይከተላል፤ ስትስቅለት ይስቃል። አንገቱ ግን አልጸናም። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤ አፉን ሲከፍት ምላሱ በስሱ ይርገበገባል። አእምሮው ደህና ነው። እየሞቱ ያሉት ከህብለ ሰረሰር ተነሥተው ጡንቻን የሚያዝዙት የነርቭ ህዋሳት ናቸው። ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ የተባለው፣ ከ10,000 ሕፃናት አንዱን ገደማ የሚይዘው የዘር ሕመም፣ ሲከፋ እንዲህ ነው።

ኦስትሪያዊው ሐኪም ጊዶ ቨርድኒግ በ1891 እ.ኤ.አ. በሁለት ወንድማማቾች ላይ ያየውን ጻፈ። የሃይደልበርጉ ዮሐን ሆፍማን በ1893 ተከተለው፤ የሕፃናቱ ሕመም በሁለቱ ስም ተጠራ። ቀጣዮቹን መቶ ዓመታት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፦ ሐኪሞች የሕመሙን ዓይነት ሲለዩ፣ በከፋው ዓይነት የተያዙት ሕፃናት ደግሞ አብዛኞቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ሲሞቱ ኖሩ።

በ1995 በፓሪስ የጁዲት መልኪ ቡድን የጎደለውን ዘረመል አገኘ፤ ኤስኤምኤን 1 ይባላል። ሁለቱም ወላጆች ጤነኞች ሆነው አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይይዛሉ፤ ሁለቱም የደረሱት ልጅ ይታመማል። የሚገርመው ግን ጎረቤቱ ኤስኤምኤን 2 ነው። ያው ዘረመል በመጠባበቂያነት ተቀምጧል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በአንዲት ፊደል ለውጥ የተነሣ መልእክቱ ሲቀዳ አንድ ቁራጭ ይዘለላል፣ ከሚያመርተው ፕሮቲንም አብዛኛው ጎዶሎ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ አድሪያን ክሬይነርና ባልደረቦቹ ይህን ዝላይ የሚያስቀር መድኃኒት ለማግኘት ዓመታት ደከሙ። መድኃኒቱ ኑሲነርሰን በ2016 መጨረሻ ተፈቀደ። ከመጀመሪያዎቹ መርፌዎች በኋላ በየአራት ወሩ በወገብ በኩል ይሰጣል።

በ2019 ጤነኛውን ዘረመል በቫይረስ ጭኖ በደም ሥር የሚያስገባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሕክምና መጣ። ዋጋው ያኔ ከ2.1 ሚሊዮን ዶላር በላይ! አምራቹ መድኃኒቱ ባልተፈቀደባቸው አገሮች ላሉ ሕፃናት በ2020 እስከ 100 መጠን በነፃ፣ ያውም በዕጣ፣ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከምንም ይሻላል ላለ ሰው መልስ የለኝም፤ ሆኖም ዕጣ ያልወጣለትን ሕፃን ወላጅ ፊት ቆሞ ይህን ማለት ይከብዳል። በዚያው በ2020 በአፍ የሚወሰደው ሪስዲፕላም ተፈቀደ።

ሦስቱም መድኃኒቶች የሞተ የነርቭ ህዋስ አያስነሡም፤ የሚያድኑት የቀረውን ነው። ምልክት ሳይታይባቸው ከታከሙት ሕፃናት ብዙዎቹ ቆመው ሄደዋል፤ ዘግይተው የጀመሩት ግን ያጡትን ጉልበት እምብዛም አያገኙትም። ስለዚህ አሜሪካ በ2018 ሕመሙን በሚመከሩ የአራስ ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥ ጨመረችው። ምርመራው የሚፈልገው ከአራሱ ተረከዝ የሚወሰድ ጥቂት የደም ጠብታ ነው።