ንብ ስትታመም ማን ይደርስላታል?

ፀረ ተባይ ንብ እንደሚገድል ጎረቤላ ላይ ቀፎ የሰቀለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ብዙ የማይወራው ግን፣ የማይገድላት መጠን እንኳ በሽታ የመከላከል አቅሟን ሊያዳክም መቻሉ ነው። እንዴት? ከስሩ እንየው።

ነፍሳት እንደ ሰው ፀረ እንግዳ አካል አያመርቱም። ያላቸው አብሯቸው የሚወለድ መከላከያ ነው፤ የሚሰራውም በመልዕክት ቅብብል ነው። እጭን አድርቆ ነጭ ጠጠር የሚያስመስል ፈንገስ አለ፣ እኛም አገር ይገኛል። ፈንገስ ወደ ሰውነት ሲገባ ጠባቂ ፕሮቲኖች ይለዩትና መልዕክቱ ሴሉ ላይ ወዳለው «ቶል» የሚባል ተቀባይ ይደርሳል። ሴሉ ውስጥ ደግሞ አንድ አዛዥ ፕሮቲን አለ። በደህናው ጊዜ «ካክተስ» የሚባል ሌላ ፕሮቲን አስሮ ይይዘዋል (አዎ፣ ቁልቋል ብለው ነው የሰየሙት)። ቶል ሲነቃ ካክተስ ይፈርሳል፣ አዛዡ ይፈታል፣ ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ ጀርም ገዳይ ፕሮቲኖች እንዲመረቱ ያዛል። «አይ ኤም ዲ» እና «ጃክ ስታት» የሚባሉ ሌሎች መስመሮችም አሉ።

የቶልን ስራ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳየው ፈረንሳይ የሚገኘው የዡል ሆፍማን ቡድን ነው። ቶል የተበላሸባቸው የፍራፍሬ ዝንቦች ፈንገስን መቋቋም አቅቷቸው አለቁ። ሆፍማን በ2011 የኖቤል ሽልማት ተጋራ። እኛ ሰዎችም የቶል ዘመዶች አሉን፤ ዝንብን መናቅ አይገባም ማለት ነው።

ንብ ግን በዚህ በኩል ድሃ ናት። በ2006 ዘረመሏ ሲነበብ የመከላከያ ጂኖቿ ከፍራፍሬ ዝንብ ሲሶ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ጉድለቱን በጋራ ስራ የምትሸፍነው ይመስላል፦ የታመመ እጭ አውጥታ ትጥላለች፣ ቀፎውን በዛፍ ሙጫ ትለቀልቃለች።

አሁን ወደ ፀረ ተባዩ። በ2013 የጣሊያን ተመራማሪዎች ክሎቲያኒዲን የተባለው ኬሚካል ያንን አዛዥ የሚገታ ፕሮቲን እንደሚያበዛ አገኙ። በንቧ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ክንፍ አጣማሚ ቫይረስ ያኔ ይራባል። ኢሚዳክሎፕሪድም ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል። የአውሮፓ ህብረት ሁለቱንና ታያሜቶክሳምን ከ2018 ጀምሮ ሜዳ ላይ እንዳይረጩ ከልክሏል።

ቤተሰብ መድሃኒት ሲገዛ እነዚህን ስሞች ጠርሙሱ ላይ ፈልጉ። መርጨት ግድ ከሆነ አበባ ባልያዘ ማሳ፣ ንብ ከገባች በኋላ ወደ ማታ ይሁን። ቀፎ ላለው ጎረቤትም ቀድማችሁ ንገሩ።