ሎሚ፣ አመድ፣ ማር፦ ጥቁር ፀጉርን የማቅላት ታሪክ

የአክስቴ ልጅ ያለችው ሽንፋ ነው። አንድ ቀን ደወለችና «ወንድም ጋሼ፣ ሎሚና ማር ተቀብቼ ፀሐይ ላይ ብቀመጥ ፀጉሬ ቡናማ ይሆናል ወይ?» አለችኝ። ፀሐዩስ እዚያ ሞልቷል፤ የመተማ ቆላ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ኢንጂነሪንግ ስለተማርኩ ሁሉን የማውቅ ይመስላታል። እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። በኋላ ስፈልግ ግን ጥያቄዋ በጣም የቆየ ሆኖ አገኘሁት።

በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ ስለ ሳሙና ሲጽፍ፣ ጎሎች (በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው) ፀጉር ለማቅላት የፈጠሩት ነገር ነው ይላል። የሚሠራውም ከሞራና ከአመድ ነበር። ልብ በሉ፣ ሳሙናን ያስተዋወቀን ለመታጠቢያነት ሳይሆን ለፀጉር ማቅሊያነት ነው! ከእሱ በፊት የነበረው ዲዮዶሮስ ደግሞ ጎሎች ፀጉራቸውን በኖራ ውኃ ደጋግመው ያጥቡ እንደነበር ጽፏል።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች የሶማሌ ወጣት ወንዶች ፀጉራቸውን በኖራ ሲያቀሉ አይተው ጽፈዋል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኑዌር ሕዝብ ጋር የኖረው ኢቫንስ-ፕሪቻርድ የኩበት አመድ ፀጉር ለመቀየር እንደሚያገለግል መዝግቧል፤ ኑዌሮች በእኛም ጋምቤላ ይኖራሉ። በነጭ አባይ አካባቢ ባሉ አርብቶ አደሮች ዘንድ ፀጉርን በከብት ሽንት መታጠብም የታወቀ ነው፤ ፀጉሩ ወደ ብርቱካናማ ያደላል።

እነዚህ ሰዎች ተማክረው አይደለም። ታዲያ ለምን አንድ ዓይነት ነገር ላይ ደረሱ?

የፀጉር ዘለላ ውጩ እንደ ጣሪያ ክዳን በተደራረቡ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቀለሙ፣ ማለትም ሜላኒን፣ ያለው ከውስጥ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ክዳኑን መክፈት፣ ቀጥሎ ሜላኒኑን መሰባበር። አመድም ኖራም ከቆየ ሽንት የሚወጣው አሞኒያም አልካላይን ናቸው፤ ፀጉሩን አሳብጠው ቅርፊቱን ያነሱታል። የቀረውን ኦክስጅንና ፀሐይ ቀስ እያሉ ይጨርሱታል። ዛሬ የውበት ሳሎን ውስጥ የሚቀላቀለውም ብዙ ጊዜ ያው አሞኒያ ነው፤ አዲሱ ነገር በ1818 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ቴናር ያገኘው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። በ1867 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለፀጉር ማቅሊያነት ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ አመዱን የሚያስታውሰው ሰው አነሰ።

«ማቅላት» የሚለው ቃላችን ደግሞ ልክ ነው። ጥቁር ፀጉር ሲለቅ መጀመሪያ ዝገት ይመስላል፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ። በአንድ ጊዜ ዘሎ ቡናማ ወይም ወርቃማ አይሆንም።

ሎሚስ? ሎሚ የአመድ ተቃራኒ ነው። ፒኤቹ ወደ 2 ይጠጋል፣ የአመድ ውኃ ግን 11ን ያልፋል። የ9 ቁጥር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ግን 10 እጥፍ ስለሆነ በአሲድነት የአንድ ቢሊዮን እጥፍ ልዩነት ነው። አሲድ ክዳኑን አይከፍትም፣ እንዲያውም ያስተኛዋል። ስለዚህ ከሎሚ በኋላ የምናየው ብዙው ነገር አንፀባራቂነት ነው፣ የቀረው የፀሐይ ሥራ ነው። በ1590 ቬቼሊዮ የጻፈላቸው የቬኒስ ሴቶችም አናት የሌለው ባርኔጣ አድርገው፣ ፀጉራቸውን እያረጠቡ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

ሌላም ችግር አለ። የአውሮፓውያኑ ምክር የሚለው ትልቁን ቢጫ ሎሚ ነው፤ የእኛ ገበያ ትንሿ ሎሚ ሌላ ዝርያ ናት። በተለይ የልጣጯ ዘይት ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲነካው እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውኃ የቋጠረ ቁስል የሚወጣው ግን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ሰው ከሎሚው ጋር አያያይዘውም። ግንባርና አንገት ላይ የሚቀር ጥቁር ምልክት ወራት ሊቆይ ይችላል።

ማር ደግሞ አስገራሚ ነው። በውኃ ሲቀጥን ውስጡ ያለው ኢንዛይም በእርግጥም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሠራል። መጠኑን አሰላሁት፤ ፀጉር ከሚያቀላው የ3 በመቶ ውህድ ጋር ሲተያይ በሺህ እጥፍ ገደማ ያንሳል። ማሩ ከተሞቀ ደግሞ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ እሱም ይቀራል።

ይህን ሁሉ ላስረዳት ስደውል ያስደነገጠኝን ነገር ነገረችኝ። «ጓደኛዬ ሎሚው ካልሠራ በረኪና ጨምሪበት ብላኛለች» አለች። በረኪና ሜላኒኑን ብቻ አይደለም የሚያጠቃው፤ ፀጉሩ የተሠራበትን ፕሮቲን ያሟሟል፣ የራስ ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። በሚያዝያ 1915 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ኢፕር ላይ ምሽግ ውስጥ በነበሩ ወታደሮች ላይ የለቀቁት ጋዝ ይኸው ነው። በጠባብ መታጠቢያ ቤት በር ዘግቶ ይህን ማዋሃድ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ድንገት ከተደባለቀባችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ፤ የነካችሁን በብዙ ውኃ እጠቡ፤ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

በነገራችን ላይ፣ ማንም ምንም ሳይቀባው የሚቀላ ፀጉርም አለ። ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም በ1930ዎቹ በዛሬዋ ጋና ክዋሺዮርኮር የተባለውን የምግብ እጥረት በሽታ ስትገልጽ፣ አንዱ ምልክቱ የሕፃናት ፀጉር መሳሳትና ቀለም መልቀቅ ነው። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ የችግር ወራትና የጥጋብ ወራት አንዱ ዘለላ ላይ ቀላ ያለና ጠቆር ያለ መስመር ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ሰውነቱ ያበጠ፣ ፀጉሩ የቀላ ሕፃን ካያችሁ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሩ።

ለአክስቴ ልጅ የሰጠኋት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ራስሽ ላይ ሳይሆን ማበጠሪያሽ ላይ የቀረውን ፀጉር ሞክሪው። በሦስት ከፈለችው፦ አንዱን በሎሚ፣ አንዱን በማርና ውኃ፣ አንዱን ደግሞ ለማወዳደሪያ በውኃ ብቻ። አራት ቀን ሙሉ ሳህን ላይ ፀሐይ አስመታችው። ከዚያ ፎቶ ላከችልኝ። የሎሚው ጥቁር ነው፤ ወደ ብርሃን ሲይዙት ብቻ ጫፉ ላይ ትንሽ ዝገት ይታያል። የውኃውም ያው ነው ማለት ይቻላል። የማሩ ውጤት ግን የለንም፤ በሁለተኛው ቀን አክስቴ «ማር ለፀጉር?» ብላ ማሰሮውን ቀምታታለች።