ድልደላን በልክ ማበጀት፦ በኩበርኔቲስ የክላውድ ሀብት አስተዳደር ላይ የቀረበ ምልከታ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ ኩበርኔቲስ በተባለው የክላውድ ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሀብት ድልደላ ከአንድ ተቋም ፍላጎት ጋር በምን በምን ደረጃ ሊጣጣም እንደሚችል ይመረምራል። ማበጀት የሚጀምረው አዲስ ደልዳይ ከመጻፍ ሳይሆን ለነባሩ ደልዳይ የሚቀርበውን ጥያቄ ከማረም ነው ሲልም ይሞግታል።

መግቢያ

ጉግል ቦርግ በተባለው የውስጥ ሥርዓቱ ካካበተው ልምድ ተነሥቶ ኩበርኔቲስን እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ አደረገ፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2015 ወጣ። ሥርዓቱ ለሁሉም እንዲሆን የተሠራ በመሆኑ ነባሪ አሠራሩ የማንንም ፍላጎት ሙሉ በሙሉ አያሟላም። የማበጀት ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ደልዳዩ እንዴት ይወስናል?

በኩበርኔቲስ ፕሮግራም የሚሠራው ፖድ በሚባል አሃድ ውስጥ ነው። ስኬጁለር የሚባለው ደልዳይ ለእያንዳንዱ ፖድ ሰርቨር የሚመርጠው በሁለት እርምጃ ነው፤ በመጀመሪያ የማይመጥኑትን ያጣራል፣ ቀጥሎ ለቀሩት ነጥብ ሰጥቶ ብልጫ ያገኘውን ይወስዳል። በሀብት ረገድ ነባሪው ስልት ብዙ ነፃ ቦታ ላለው ሰርቨር ያደላል፤ ይህን ብተና እንበለው። ተቃራኒው ስልት፣ ማለትም ማጨቅ፣ ይበልጥ ለተያዘው ያደላል።

እያንዳንዳቸው 8 ሲፒዩ ያላቸው ሁለት ሰርቨሮች አሉ እንበል። በመጀመሪያው 6፣ በሁለተኛው 2 ሲፒዩ ተይዟል። 1 ሲፒዩ የሚጠይቅ ፖድ ሲመጣ ብተና ወደ ሁለተኛው ይልከዋል፤ 2 እና 5 ነፃ ሲፒዩ ይቀራል። ወዲያው 6 ሲፒዩ የሚጠይቅ ፖድ ቢከተል፣ በድምሩ 7 ነፃ ሲፒዩ እያለ ማረፊያ ያጣል፤ አንድ ፖድ ለሁለት ሰርቨር አይከፈልምና። በማጨቅ ግን 1 እና 6 ስለሚቀር ትልቁ ፖድ ልክክ ብሎ ይገባል። ዋጋው ደግሞ ታጭቆ የሞላው ሰርቨር ሲበላሽ ብዙ ሥራ አብሮት መቆሙ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ተቋሙ ብክነትን ወይስ መቋረጥን አብልጦ እንደሚፈራ ነው።

የማበጀት ደረጃዎች

የመጀመሪያው ደረጃ ጥያቄውን ማረም ነው። ደልዳዩ የሚያየው ፖዱ ያስመዘገበውን መጠን እንጂ በተግባር የሚጠቀመውን አይደለም። 4 ሲፒዩ አስመዝግቦ በግማሽ ሲፒዩ የሚሠራ ፖድ የቀረውን ሦስት ተኩል በመዝገብ ላይ እንደያዘ ይቆያል። አሳንሶ ማስመዝገብም መዘዝ አለው፤ ሲፒዩ ሲያጥር ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል፣ ሜሞሪ ሲያልቅ ግን እንዲቋረጥ ይደረጋል።

ሁለተኛው የነጥብ አሰጣጡን በማዋቀሪያ ፋይል መለወጥ ነው። ከብተና ወደ ማጨቅ ለመሸጋገር ይህ ይበቃል፤ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም።

ሦስተኛው በደልዳዩ ላይ ተጨማሪ ክፍል መጻፍ ሲሆን፣ ለዚህ የተዘጋጀው ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ2020 በ1.19 እትም ተረጋግቷል። ይህ ድካም የሚገባው ነባሩ ሥርዓት የማያውቀው መርህ ሲያስፈልግ ነው። ለምሳሌ ነባሪው ወረፋ ቅድሚያንና የመጡበትን ጊዜ እንጂ የትኛው ቡድን እስካሁን ምን ያህል እንደወሰደ አይጠይቅም። በአንጻሩ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረቡት የፍትሐዊነት መርህ እያንዳንዱ ተጠቃሚ አብልጦ የሚሻማበትን ሀብት ድርሻ ያመዛዝናል። 9 ሲፒዩና 18 ጊጋባይት ሜሞሪ ቢኖር፣ የአንዱ ሥራ 1 ሲፒዩና 4 ጊጋባይት፣ የሌላው 3 ሲፒዩና 1 ጊጋባይት ቢፈልግ፣ የፊተኛው ሦስት፣ የኋለኛው ሁለት ሥራ ያገኛል። አንዱ ከሜሞሪው፣ ሌላው ከሲፒዩው እኩል ሁለት ሦስተኛ ወሰዱ ማለት ነው።

አራተኛው የራስን ደልዳይ ከነባሩ ጎን ማቆም ነው። ሁለቱ ደልዳዮች አንዱን ነፃ ቦታ በአንድ ጊዜ አይተው ለየራሳቸው ፖድ ሊሰጡት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩ አንደኛውን አይቀበልም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው፣ ኦሜጋ ስለተባለው ደልዳይ የተሠራ ጥናት ይህንኑ ግጭት በጋራ መዝገብ ላይ በማጣራት ለመፍታት የሞከረ ነው።

ማጠቃለያ

ከደረጃ ወደ ደረጃ በወጡ ቁጥር ነፃነቱ ይሰፋል፤ የጥገናው ሸክምም አብሮ ይከብዳል። ከሁሉ በላይ ግን፣ የተሳሳተ ጥያቄ የቀረበለት ደልዳይ ምንም ያህል ቢራቀቅ የተሳሳተ ድልደላ ያወጣል። ስለዚህ የራሱን ደልዳይ ለመጻፍ የሚያስብ ተቋም አስቀድሞ ያስመዘገበውን ጥያቄና ትክክለኛ አጠቃቀሙን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመርምር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ መታረም ያለበት ደልዳዩ አይደለም።