መያዣ ሆና የቀረችው እኅት

ሰቆጣ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወሬ ሲነሳ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ዋግሹም ጎበዜ ላይ ያርፋል። ተገቢም ነው። አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ንጉሡ ሰቅለውበታል፤ እርሱም ሸፍቶ ዋግንና ላስታን ያዘ፣ በኋላም ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። የእንግሊዝ ጦር በላስታ ደጋ አድርጎ ወደ መቅደላ ሲያልፍ መንገዱን ያልዘጋበትም እርሱ ነበር። ዛሬ የማነሣላችሁ ግን ያ ጦር ሊያስፈታቸው ከመጣላቸው ሰዎች መካከል የነበረችውን አንዲት ጀርመናዊት እናት ነው። ስሟ ፓውሊና ፍላድ ይባላል። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ስጽፍ እነግራችኋለሁ።)

ፓውሊና ከጋብቻ በፊት ዲያቆናዊት ነበረች። በ1836 ፓስተር ቴዎዶር ፍሊድነር በራይን ወንዝ ዳር፣ ካይዘርስቬርት በምትባል ከተማ፣ ያላገቡ ሴቶች ሕመምተኛ እንዲያስታምሙና ሕፃናትን እንዲያስተምሩ የሚሠለጥኑበት ቤት ከፈተ። ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ሥራውን ያየችው እዚያ ነው። በ1851 ከእነዚህ እኅቶች የመጀመሪያዎቹ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። የጋበዟቸው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባ ሲሆኑ፣ እርሳቸው ቀደም ሲል በትግራይና በጎንደር ወንጌል ያገለገሉ፣ ልባቸው ከሐበሻ ምድር ያልወጣ ሰው ነበሩ። ፓውሊናም በኢየሩሳሌሙ ቤት አገለገለች። ከዚያም ዮሐን ማርቲን ፍላድ የሚባለውን ወጣት ሚስዮናዊ አግብታ ወደ አገራችን መጣች።

ፍላድና ጓደኞቹ የመጡት ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተግባር ትምህርት ቤት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ እጅህ ይሥራ፣ አፍህ ወንጌልን ይናገር። ንጉሡ ግን እጁን ወደዱት፣ አፉን ግን ለጉሙት። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሰፈሩት የእጅ ባለሙያዎች ውለው አድረው መድፍ ቀላጮች ሆኑ። ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ የእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ሰው መድፍ ሲያቀልጥ ማየት ዛሬም ያሳፍረናል፣ መሸፋፈንም አያስፈልግም። የፍላድ ቤተሰብ ድርሻ ሌላ ነበር። ደምቢያ ውስጥ ጀንዳ በሚባል ቦታ በቤተ እስራኤል መካከል ተቀመጡ። የተፈቀደላቸውም የሚያምኑት ሰዎች በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ በሚል ውል ነበር።

የቤት ሥራዋን ዝርዝር የመዘገበ ሰው ስለሌለ ከልቤ ፈጥሬ አልጨምርላችሁም። የአገሩን ደጋ የሚያውቅ ግን ይገባዋል፦ ውኃው ከምንጭ፣ እንጨቱ ከዱር፣ የሕፃን ትኩሳት ሲመጣ ሐኪም የለም። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐርም በዚያው ዘመን የነበረ፣ በኋላም መቅደላ ላይ አብሯቸው የተገኘ ሰው ነው። ዛሬ ገበያ ወርደን ድንች ስንሰፍር ይህን ማን ያስታውሳል!

መከራው የተጀመረው በደብዳቤ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ። በ1863 ሚስዮናዊው ስተርን ተደብድቦ ታሰረ፣ በ1864 መጀመሪያ ቆንስሉ ካሜሮን ተከተለው። በ1866 ሚያዝያ ደግሞ ንጉሡ ፍላድን መልእክተኛ አድርገው ወደ ለንደን ላኩት። ሚስቱንና ልጆቹን ግን አስቀሩ። መመለሱን የምታረጋግጥ መያዣ ፓውሊና ነበረች።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። የታሪክ መጻሕፍት ፍላድ ንግሥቲቱን እንዴት እንዳነጋገረ ይተርካሉ። እርሷን በተመለከተ የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር ነው፤ «ሚስቱና ልጆቹ በመያዣነት ቀሩ»። በዚያ አንድ መስመር ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ አለ። ያን ክረምት በንጉሡ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው ጨረሰ። ባሏ በባሕር ላይ ይሁን በመቃብር አታውቅም። የንጉሡ ቁጣ ጠዋትና ማታ ይለዋወጣል። ልጆቿ ግን በየቀኑ ይበላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይጠይቃሉ።

በቅርቡ ጦርነት ጊዜ ከአበርገሌና ከአካባቢው ተፈናቅለው ሰቆጣ የገቡትን እናቶች ያየ ይህን ለመረዳት ጀርመንኛ አያስፈልገውም። ባል የት እንዳለ ሳያውቁ ልጅ ማብላት ምን እንደሆነ እነርሱ ያውቁታል። ዕብራውያን 13፥3ን ገልጣችሁ እነርሱን እያሰባችሁ አንብቡት።

ፍላድ በ1867 ተመለሰ። ለንደን መቅረት ይችል ነበር፤ ወደ እስር መመለሱን እያወቀ መጣ። የያዘው መልእክት ንጉሡን አላስደሰተም፣ ስለዚህ መመለሱ ነፃነት አላመጣላትም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሰፈሩ ደብረ ታቦርን ለቅቆ መድፉን እየጎተተ ወደ መቅደላ ተነሣ። መንገድ እየተቆፈረ፣ ገደል እየተናደ፣ ጉዞው እስከ መጋቢት ወሰደ። አውሮፓውያኑም ቤተሰቦቻቸውን ይዘው አብረው ተጓዙ።

የእሮጌ ጦርነት የተደረገው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ነው። ዕለቱ ስቅለት ነበር፤ በዚያ ዓመት የእኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ በአንድ ቀን ውሎ ነበር። በማግስቱ ፍላድ ከሌተናንት ፕሪዶ ጋር ለእርቅ ወደ ጄኔራል ናፒየር ተላከ፤ ቤተሰቡ አሁንም አምባው ላይ ነው። ንጉሡ በፋሲካ ዕለት 1000 ላሞችና 500 በጎች ለእንግሊዞቹ ላኩ። በዚያች ቅዳሜና በዚያ ፋሲካ እስረኞቹና የእጅ ባለሙያዎቹ ከነቤተሰባቸው ከአምባው ወረዱ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

የተፈቱት ሰዎች ጦሩ በመጣበት መንገድ፣ በላስታ ደጋና በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አድርገው ወደ ዙላ ወደብ ወረዱ። ፓውሊና የዋግን ተራሮች አይታ ከሆነ ያየችው ያን ጊዜ መሆን አለበት፣ ልጆቿን ይዛ፣ በስተ ምዕራብ በኩል ከሩቅ።

በፍላድ ቤት ያደገ ብሩ የሚባል የአገር ልጅ ነበር፤ ሚካኤል አረጋዊ ብለን የምናውቀው። በኋላ ቅዱስ ክሪሾና ተምሮ በ1870ዎቹ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ፈረንጆቹ መግባት በተከለከሉባቸው ዓመታትም በቤተ እስራኤል መካከል የተጀመረውን ሥራ ይዞ ረጅም ዘመን አገለገለ።